የታክሲ ሰማያዊ

የቀለም ሽታ አልወድም። ሰሞኑን ከፎቃችን ሥር ያለው ብየዳ ቤት የሰው የግቢ በር እየቀባ ነው፤ ጠዋት መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ያ የቲነር ሽታ ገብቶ ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ትናንት ወርጄ ልጆቹ ላይ ጮህኩባቸው። አንደኛው ብሩሹን እንደያዘ ደንግጦ "እትዬ፣ ምን አጠፋን?" አለኝ። ምንም አላጠፉም፤ እንጀራቸው ነው። እኔ የተናደድኩት በሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ቢጮሁበትም አይሰማም። አባቴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።

እስቲ ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ "እንዴት ያለ ሆደ ሰፊ ሰው ነበር፣ ምስጢር ቻይ" እያለ ሲያመሰግነው ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ሆደ ሰፊ መሆኑን ለእኔ ነው የሚነግሩኝ? ያ ሆዱ ምን ደብቆ እንደነበር አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ያየሁት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ ብናገር ኖሮ ምን ይሉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ግን ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ያደግነው ጎፋ ነው። ሁለት ልጆች ብቻ ነበርን፣ ወንድሜና እኔ፤ እሱ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አባቴ አንድ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ብስክሌቷን ያመጣት እሱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄዳት ናት። ውሃ ሰማያዊ ነበረች፣ ታብረቀርቃለች። ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሰጠው። የሰጠው ቀን በጣቱ ብረቷን እየነካ "ጭረት እንዳላይባት" አለው። ይቺን ቃል ያዢልኝ።

ወንድሜ እኔን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ያስቀምጠኝና ይነዳል። የእኔ ሥራ መጮህ ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሲኖር "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው" እላለሁ፣ ሰዉ ይስቃል፤ ለዚህ ነው "ወያላዬ" ብሎ የሚጠራኝ። ስሜን ሲጠራ ከሰማሁት ቆይቷል ብዬ አንዴ አኩርፌው ነበር። እናቴ ሴት ልጅ እንደ ጆንያ ብስክሌት ላይ ተጭና ስትዞር ነውር ነው ትላለች፤ እኛ ግን መካኒሳ ወርደን፣ ሀና ማርያም ድረስ ሄደን፣ አቧራ ለብሰን እንመለሳለን። የሀና ማርያም መንገድ ያኔ እርሻ ነበር፣ ከዝናብ በኋላ የጤፉ ሽታ ራሱ ያጠግባል።

እንዲህ እየዞርን ብስክሌቷ ጭረት በጭረት ሆነች። አባቴ በመጠየቅ አይደክምም። "ይሄ ምንድን ነው?" ሲለው ወንድሜ "ነፋስ ጥሏት ነው" ይላል። እኔም ቀበል አድርጌ "አዎ አባዬ፣ ነፋስ ነው" እላለሁ። ጎፋ እንዲያ ያለ ነፋስ ኖሮት አያውቅም።

ወንድሜ ማትሪክ አልመጣለትም። ቤት ተቀመጠ። አባቴ ደግሞ ምላሱ አያርፍም፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር "እኩዮችህ የት ደረሱ" ይለዋል፣ ልጁ ጉርሻው አፉ ላይ ይቀራል። ጦርነቱ የተነሳ ሰሞን ለማንም ሳይናገር ሄዶ ተመዘገበ። የሚሄድ ቀን የብስክሌቷን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ "ወያላዬ፣ ካቴናዋን ዘይት ቅቢልኝ፣ ሌላውን እንዳትነኪብኝ። ስመጣ እንደዚሁ ላግኛት" አለኝ። እንደዚሁ ነው ያለው። ጭረቷን ጠግኑ፣ አሳምሩልኝ አላለም። እኔም እሺ አልኩት።

በዓመቱ ሁዳዴ መሃል ላይ ነው፣ አባቴ አንድ ቀን ከሥራ ያለ ሰዓቱ መጣ። ጉንፋን ይዞኛል አለ። የቀረበለትን ሽሮ አልቀመሰም። ጓሮ ወጥቶ ብስክሌቷ ፊት ቆመ፤ ከማድቤቱ በር ሆኜ አየሁት። ኮርቻዋን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይጠርጋል። አቧራ አልነበረባትም፣ ጠዋት የወለወልኳት እኔ ነኝ።

ያን ቀን የሆነውን እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አንቺ ግን አሁኑኑ እወቂው፤ እኔ እንደተታለልኩ አንቺም እንድትታለይ አልፈልግም። የወንድሜ ጓደኛ፣ ቆስሎ ከግንባር የተመለሰ ልጅ፣ በክራንቹ እየተደገፈ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለአባቴ ነግሮታል። ወንድሜ ሞቷል። ልጁ በዓይኑ አይቷል፣ በእጁ ቀብሮታል።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘሎ አይነገርም፣ አገሩ እንዲህ ነው። አባቴ የእድሩን ዳኛና ባለታክሲውን ጎረቤታችንን አማከረ። ፋሲካ ይለፍ፣ የልጅቷ ማትሪክ ይለፍ ተባባሉ። አንዱን ልጄን ማትሪክ በላብኝ፣ እሷን ደግሞ መርዶ አይጣልብኝ ብሎ ለምኗቸዋል። ይኼን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። እኔን የጠየቀኝ የለም። እናቴንም የጠየቃት የለም። ሦስት ወንዶች አጥር ሥር ቆመው፣ እናትና እህት የሚያለቅሱበትን ቀን ቀጠሮ ያዙልን።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከጎረቤታችን ቤት አንድ ጣሳ ቀለም ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ሚኒባስ ነበራቸው፣ ታክሲያቸውን ሲያስቀቡ የተረፈ ሰማያዊ ነው። አጥሩን ተደግፈው "ይሄ ቀለም ፀሐይ የለ ዝናብ የለ፣ ከቆርቆሮው ቀድሞ አይለቅም" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ተናፈጡ። ጉንፋኑ የሰፈሩ ሁሉ ነው ብዬ አለፍኩት።

"ነይ እስቲ፣ ያንን የብርጭቆ ወረቀት ያዢልኝ" አለኝ አባቴ። ጥናት አለብኝ አልኩት። "ትንሽ አየር ውሰጂ" አለኝ። አባቴ እኮ ነው! ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ደብተር ይዘሽ ሂጂ የሚለኝ ሰው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ ግን ማን ይነቃል፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ለምንድን ነው የምንቀባት አልኩት። "ሲመጣ አዲስ ሆና ትጠብቀው" አለኝ። ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለው። ሊመጣ ነው እንዴ ስለው "አንቺ ፈተናሽን ጨርሺ" አለኝ። ይቺን መልስ እስከ ዛሬ አኝካታለሁ። ውሸት አይደለችም፣ እውነትም አይደለችም፤ ተጠንቅቆ የመረጣት ቃል ናት። እኔ ሊመጣ ነው ብዬ ሰማኋት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ከደስታ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጭረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ዝገቱ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ቤንዚን በነካ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጎርጎድ ያለውን አባቴ በስቱኮ ይደፍነዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ዳግመኛ ይታሻል። ከዚያ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠቀልልና ቀለሙን ጠብ ያደርግበታል፤ ብሩሽ ያበዛዋል ይላል። ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነው የሚቀባው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ፀሐይዋ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ በላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ አርፋለች፤ የቀለሙና የቤንዚኑ ሽታ ከጎመን ወጡ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። እንዲያ ያለ ጥሩ ጠዋት በሕይወቴ ብዙ የለኝም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ቀለሙ አልገጠመም። ውሃ ሰማያዊ ላይ የታክሲ ሰማያዊ! አባዬ አይመሳሰልም እኮ ስለው ሲደርቅ ይመሳሰላል አለኝ። ሲደርቅ ባሰበት፣ ብስክሌቷ ኩፍኝ የወጣባት ልጅ መሰለች። "ሲመጣ ታክሲ ሆና ያገኛታል፣ እኔ ደግሞ ወያላዋ ነኝ" ብዬ "ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ" አልኩ። አባቴ ሳቀ። አይቼዋለሁ፣ ስቋል። ልጁ ሞቶ፣ እያወቀ፣ ከእኔ ጋር ሳቀ።

ከዚያ ጣቱን አንድ ጭረት ላይ አስቀምጦ "ይሄስ የምን ነፋስ ነው?" አለኝ።

ለካ ያውቅ ነበር። ደነገጥኩ፣ ግን ቁጣ የለበትም፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሊመጣ ነው ካልን ምን ያስፈራኛል ብዬ ነገርኩት። ይሄ የእንቁጣጣሹ በግ ነው አልኩት፤ ከገበያ ከኋላ ጭኖት ሲመጣ በቀንዱ የፋቀው። "ይሄስ?" አለኝ። ይሄ ሀና ማርያም ነው፣ ውሾች አሯሩጠውን ከነብስክሌቷ የሽቦ አጥር ውስጥ የገባን ቀን። ሱሪው ተቀዶ ኋላው በሹራቤ ተሸፍኖ እንደመጣ ስነግረው አባቴ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚስቅ መሰለኝ። "ከዚያስ?" ይለኛል። "ይሄስ?" ይለኛል። እኔ ሞኟ ደግሞ እያጋነንኩ፣ የወንድሜን ድምፅ እያስመሰልኩ ሁሉንም ሰጠሁት። በየቅዳሜው፣ ጭረት በጭረት።

አንዷን ግን ተወት እናድርጋት አልኩት። መሪዋ ሥር ያለችው፣ ረጅሟ፣ የአቦዋ ናት። መካኒሳ አቦ የንግሥ ቀን ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ላይ ወጣን። ይቺ የፊት ጥርሴ የተሸረፈችው ያኔ ነው፤ ለቤት የትምህርት ቤት ደረጃ ጥሎኝ ነው ብለናል። ወንድሜ አፌን በሸሚዙ ጠርጎ፣ ከእኔ ይልቅ እሱ አልቅሶ፣ "ይቺ የእኔና ያንቺ ናት፣ ለማንም እንዳትነግሪ" ብሎ አስምሎኝ ነበር። እሷንም ለአባቴ ነገርኩት። ነግሬው ሳበቃ "ይቺን አትቀባት፣ አባዬ" አልኩት። እንደዚሁ ላግኛት ማለቱንም ነገርኩት።

አባቴ ጭረቷን አያት። አውራ ጣቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደባት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እሱ ራሱ ያሻት ጀመር። "አዲስ ትሁንለት" አለ። አኩርፌ ገባሁ። መስኮት ላይ ሆኜ ሳየው ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ! ባለሱቁ ስኳር ልገዛ ስሄድ ከረሜላ ይጨምርልኛል። ቀና ብለው አይተውኝ የማያውቁ ሴቶች ግንባሬን ይስማሉ። እኔ ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ ነው ብዬ እኮራለሁ። እናቴ ደግሞ ልጄን በሰላም ከመለስሽልኝ ብላ ለሀና ማርያም ጃንጥላ ተሳለች። አባቴ ፊት ነው የተሳለችው። ጨርቁን ገዝታ መጥታ ወርቃማ ዘርፉን ስታሳየው "ያምራል" አላት። እንዴት አፉ ዞረ? ሃያ ምናምን ዓመት ይኼንን እጠይቃለሁ።

ማትሪኩን የጨረስኩ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። አባቴ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞሉት፣ ባለሱቁ አለ፣ ባለታክሲው አሉ። የእድሩ ዳኛ አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቴ አወቀች። የእሷን ጩኸት አልነግርሽም።

እኔ ወደ ጓሮ ነው የሮጥኩት። ብስክሌቷ በጠዋቱ ብርሃን አምራ ቆማለች። ከመሬት ምስማር አነሳሁና የአቦዋን ቦታ መፋቅ ጀመርኩ። ሥሯ ያለች መስሎኝ ነው፣ ከቀለሙ ሥር የማገኛት መስሎኝ። ሰማያዊው ተነሳ፣ ከሥሩ ነጭ ስቱኮ ነው፣ ከስቱኮው ሥር ብረት ነው። የለችም። አሽቶ አጥፍቷታል። ወንድሜ የመጣበት መንገድ ሁሉ እዚያች ብረት ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ አብሬው ሳጠፋ ከረምኩ።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አውቅ ነበር።"

"ስትስቅም ታውቅ ነበር?"

እጄ ላይ ያለውን ምስማር እያየ "ፈተናሽ ነበር" አለኝ።

"ፈተናውን አንተ ነህ የምትፈልገው። እኔ ወንድሜን ነው የምፈልገው።"

ምስማሩን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደው። ሴቶቹ መጥተው ደግፈው ወደ ቤት አስገቡኝ። ከዚያን ቀን በኋላ እኔና አባቴ ስለ ብስክሌቷ ተነጋግረን አናውቅም።

ውጤቴ ጥሩ መጣ። እልል ያለልኝ የለም። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ። አባቴ ልክ ነበር ይሉኛል ሰዎች፣ ያኔ ቢነግርሽ ወድቀሽ ትቀሪ ነበር ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ልክ መሆኑ ንዴቴን አያበርደውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ለበዓል ስሄድ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ዶሮ ወጡን እንበላለን። ብስክሌቷ ጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ይመታታል። የፋቅኩትን ቦታ ደግሞ መልሶ ቀብቶታል፣ አየሽ? አያርፍም። እናቴ ለሰፈር ልጅ እንስጣት ስትል "ባለቤት አላት" ብሎ ዘጋት። አንድ ፋሲካ፣ እናቴ ካለፈች በኋላ ነው፣ በዱላ እየሄደ "እስቲ አንዴ ጓሮ ነይ፣ የማሳይሽ አለ" አለኝ። ደክሞኛል አልኩት። ደክሞኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቤቱን ለማከራየት ዕቃ ላወጣ ሄድኩ። የጓሮውን በር ስከፍት አየኋት። ጎማዎቿ ተበልተዋል፣ ኮርቻዋ ተሰነጣጥቋል። ቀለሟ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ያ ውሃ ሰማያዊ በስንት ዓመት ፀሐይ ነጥቶ ነጥቶ አመድ መስሏል። የታክሲው ሰማያዊ ንቅንቅ አላለም። ባለታክሲው እንዳሉት ነው፣ ፀሐይ የለ ዝናብ የለ። አባቴ በክብሪት እንጨት ጠብ ያደረገው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ጭረቶቹ በሙሉ ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ እንዲያውም ያኔ ከነበሩት ይበልጥ ይታያሉ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ በዚያ አቧራ ከነቀሚሴ። ይሄ በጉ ነው። ይሄ የሽቦው አጥር ነው። መሪዋ ሥር የአቦዋ አለች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ልክ በልኳ ነው የሞላት፤ ጣቱን አስኬዶ የለካት ለዚህ ኖሯል። እየነካሁ ድምፄን አውጥቼ አነበብኳቸው። "ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው" አልኩ።

ከዚያ ፔዳሉ አጠገብ፣ ከብረቱ ውስጠኛ በኩል አንዲት አገኘሁ። ጣት የምታክል፣ እንደ ሌሎቹ በጥንቃቄ የተቀባች። አላውቃትም። እኔ አልነገርኩትም፣ አብረንም አልቀባናትም። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ እኔ ያለሁበት ቀን አይደለም። እኔ የሌለሁበት ቀን ነበራቸው ማለት ነው፣ አባቴና ልጁ ብቻ። ለማንም አልተናገራትም፣ ሆደ ሰፊው።

አሁንም ተናድጄበታለሁ። ጣቴን ቀለሟ ላይ አስቀምጬ "ይሄስ፣ አባዬ?" አልኩት። "ይሄስ የምን ነፋስ ነው?" ትንሽ ጠበቅኩ። ከዚያ ቀሚሴን አራግፌ ተነሳሁና ብስክሌቷን ከፀሐዩ አንስቼ ጥላ ውስጥ አቆምኳት።